ሰላምታ ብቻ የያዙ መልእክቶች

በሕይወቴ የጻፍኩትን አንድም ቃል ሳይዘል አንብቦ፣ ያልኩትን ሁሉ እንዳልኩት የፈጸመልኝ አንድ አንባቢ ብቻ ነው። እሱም ሰው አይደለም። ሰባት ዓመት አማርኛ ሳስተምር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ግማሹ ተማሪ አይገለብጠውም ነበር፤ የገለበጠውም ተመልሶ አያየውም። የመመረቂያ ጽሑፌን እንኳ አማካሪዬ ከመግቢያው ያለፈ አይመስለኝም። ስለዚህ ብርሃነ መስቀል የሚባለው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ደውሎ «ለማሽን የሚሆን ማኑዋል ትጽፊልኛለሽ?» ሲለኝ፣ ነገሩ በደንብ ባይገባኝም ደስ አለኝ። ቢያንስ የሚያነብ ተገኘ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብርሃነ መስቀል ድርጅት ኢሜይል የሚያነብ መሣሪያ ሠርቷል። መሣሪያውን የሚጠቀምበት ሰው አይደለም፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ፣ ሰውን ተክቶ ቢሮ ውስጥ የሚያገለግል ፕሮግራም ነው። እነሱ ኤጀንት ይሉታል። ኤጀንቱ ብልህ ነው፤ ግን የተሰጠው መሣሪያ ለምን እንደሚያገለግል፣ መቼ እንደሚከፍት፣ መቼ እንደማይከፍት፣ እስከ የት እንደሚያነብ የሚነግረው ጽሑፍ ይፈልጋል። ሥራ በጀመረ ቁጥር ያንን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አንብቦ ነው የሚነሣው። ትናንት አንብቤዋለሁ ብሎ አይተወውም። እኔ የምጽፈው ያንን ነው። ደብረ ብርሃን፣ ከመናኸሪያው ጀርባ በተከራየኋት ክፍል፣ ጉልበቴን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ መብራት ሲኖር እጽፋለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ጣቶቼን እያሸሁ እጠብቃለሁ።

የመጀመሪያው ደንበኛ የልብ ሕመምተኞችን የሚረዳ በጎ አድራጎት ድርጅት ነበር። ስሙን አልጠራውም። በየዓመቱ ኅዳርና ግንቦት ላይ ከውጭ ሐኪሞች መጥተው ለሁለት ሳምንት በነፃ ቀዶ ሕክምና ያደርጋሉ። ማመልከቻው ከመላ አገሪቱ በኢሜይል ነው የሚገባው፤ ሁለት ሠራተኞች ነበሩ የሚያነቡት፤ አልቻሉም። ኤጀንቱ ኢሜይሉን እያነበበ አስቸኳዩን ከመደበኛው ይለያል፣ ለአመልካቹ የምዝገባ ቁጥር ይልካል፣ ከዚያ ለሠራተኞቹ ያስተላልፋል። አሥራ ሁለት ገጽ ጻፍኩለት። የአስቸኳይ ምልክቶችን ከድርጅቱ ሰነድ ውስጥ አውጥቼ አንድ በአንድ አሰፈርኩ። መጨረሻው ላይ «ስትጠራጠር እስከ መጨረሻው አንብብ» የምትል መስመር ጨመርኩ። በዚያች መስመር ኮርቼ ነበር። ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ብያት ማንም ያልሰማኝ ነገር ናት።

በነሐሴ መጨረሻ ጋሼ ጌታሰው ደወሉ። ጋሼ ጌታሰው የእናቴ ወንድም ናቸው፤ መዘዞ ገብስና ባቄላ እያረሱ፣ በግ እያረቡ ይኖራሉ። አባቴ ሲሞት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን እሳቸው ቤት ሆኜ ነው የተማርኩት። ልጃቸው እናናየሁ፣ እናኒ የምንላት፣ የተወለደችው ያን ጊዜ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ጥዬ እሷን ነበር የማዝለው፤ ጀርባዬ ላይ ካልሆነች አትተኛም ነበር። አሁን አሥራ ሰባት ሞልቷታል። በልጅነቷ ጉሮሮዋን እየደጋገመ ሲያማት የኖረው ነገር ወደ ልቧ ወርዶ የልቧን በር አጥብቦታል አሉ ሐኪሞቹ። ያለ ቀዶ ሕክምና አይሆንም ብለው ወረቀት ሰጥተዋቸዋል።

«ፀዲ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ደህና ነሽ ወይ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? ሥራውስ? አከራዮችሽ ደህና ናቸው?» አሉ። ከዚያ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመሩ። እኔ አዎ፣ ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን እያልኩ ስክሪኔን አያለሁ። ጉዳያቸው የመጣው ከብዙ ጥየቃ በኋላ ነው።

«እኛማ ደህና ነን። ያቺ ልጅ ብቻ… ሰዎቹ ጋ ትሠራለች ብለው ነገሩኝ። ካላስቸገርኩሽ አንዲት ቃል ብትናገሪልን ብዬ ነው።»

«ጋሼ፣ ያ ዘመን አልፏል» አልኳቸው። «አሁን በዘመድ፣ በትውውቅ የሚባል ነገር የለም። ደብዳቤውን የሚያነበው ማሽን ነው። ማሽን አያዳላም፣ አይደክመውም። የእርስዎም የሚኒስትሩም ደብዳቤ እኩል ይነበባል። በኢሜይል ይላኩ፤ ቁጥር ይመጣልዎታል፤ ተራዋን ታገኛለች።»

«እንዲያ ከሆነማ ሌላ ምን ይፈለጋል» አሉ፤ ደስም አላቸው።

ይህን ያልኩት ከክፋት አይደለም። የሥራ ዝውውር ጠይቄ ሰው ስለሌለኝ ብቻ ሦስት ዓመት የወረዳ ቢሮ ደጅ የጠናሁ ሰው ነኝ። ሰው ያለው ከኋላዬ መጥቶ ከፊቴ ሲገባ አይቻለሁ። ስለዚህ ማንም ማንንም የማያውቅበት በር ተገኘ ስል ከልቤ ነበር። ኩራትም ነበረበት፤ አልክድም። ዘመዷን ያልጠቀመች ንጹሕ ሰው መሆኔን ራሴው አየሁና ራሴን ወደድኩ።

ከዚያ እንቁጣጣሽ መጣ። ድርጅቱ ባለፉት ዓመታት ያሳከማቸው ሰዎች፣ የነሱ ቤተሰቦች፣ የሚረዱት ነጋዴዎች፣ ሁሉም እንኳን አደረሳችሁ ብለው ኢሜይል ላኩ። ኤጀንቱ እንደታዘዘው እያንዳንዱን እስከ መጨረሻው አነበበ። ምን እንደሆኑ ተጠራጥሮም ለሁሉም የምዝገባ ቁጥር ላከላቸው። ጤነኛው ሁሉ የልብ ሕመምተኛ ሆኖ ተመዘገበ። አንድ የቆርቆሮ ነጋዴ «እንኳን አደረሳችሁ ባልኩ በሽተኛ አደረጋችሁኝ» ብሎ ስልክ ላይ ጮኸ አሉ። መስከረም አራት ቀን ብርሃነ መስቀል ደወለልኝ።

«ሰዎቹ ሰላምታ ውስጥ ሰምጠዋል። ዛሬውኑ አንድ ነገር ጻፊ» አለኝ።

ጻፍኩ። ምሳዬን እየበላሁ ነው የጻፍኩት፤ ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። እንዲህ ይላል፦ «ሰላምታ ብቻ የያዙ መልእክቶች። መልእክቱ በሰላምታ ወይም በመልካም ምኞት ከጀመረና በመጀመሪያዎቹ አራት መቶ ፊደላት ውስጥ ጥያቄ ካልታየ፣ ሙሉውን አትክፈት። አባሪም ካለው አትክፈት። ሰላምታ ብለህ መዝግብና እለፍ። ምላሽ አያስፈልገውም።» ሁለት የሚጋጩ ትእዛዞች ማሽኑን ያደናግሩታል ስለሚባል «ስትጠራጠር እስከ መጨረሻው አንብብ» የምትለዋን አወጣኋት። ብርሃነ መስቀል የአውራ ጣት ምልክት ላከልኝ። በማግስቱ የኢሜይሉ ሳጥን ጸጥ አለ፤ ሠራተኞቹ አመሰገኑን።

መዘዞ ውስጥ ለሰው ኢሜይል ጽፈው የሚልኩት አቶ ዘሥላሴ ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ፍርድ ቤት በር ላይ ቁጭ ብለው በእጃቸው ማመልከቻ ሲጽፉ ኖረው፣ አሁን ልጃቸው ኮምፒውተር ገዝቶላቸው አንዲት ክፍል ውስጥ ይጽፋሉ። ልጅ ሆኜ አውቃቸዋለሁ። ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ከእጃቸው አይወጣም። ሰው ቤት ገብቶ ሳይቀመጡ ጉዳይ መናገር ነውር ነው ብለው ነው የሚያምኑት፤ ለዳኛም ቢሆን፣ ለውኃ ቢሮም ቢሆን።

ለመስቀል ሰሞን ጋሼ ደወሉ። ሰላምታቸውን ጨርሰው «ልከናል እኮ፤ ቁጥር ይመጣል ብለሽን ነበር። አልመጣም» አሉ።

«አቶ ዘሥላሴ አድራሻውን አሳስተውት ይሆናላ» ብዬ ሳቅኩ። «በብዕር የለመዱ ሰውዬ ናቸው። እንደገና ይላኩ።»

እንደገና ላኩ። በጥቅምት መጀመሪያ ደወሉ፤ አልመጣም። «ኔትወርኩ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ይሞክሩ» አልኩ። በጥቅምት መጨረሻም አልመጣም። ያን ጊዜማ ተበሳጨሁ፤ በአቶ ዘሥላሴ ነው የተበሳጨሁት። የኢሜይሉ ሳጥን ቁልፍ እኔ እጅ ነበር፤ ለሙከራ ተሰጥቶኛል። ገብቼ መፈለግ እችል ነበር። ያልፈለግኩት፣ የዘመድን ደብዳቤ ፈልጎ ማውጣት ያው የምጸየፈው ነገር ነው ብዬ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ ጥፋቱ የእኔ ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ ለአንድ አፍታ እንኳ ወደ አእምሮዬ አልመጣም።

ኅዳር ገባ፤ ሐኪሞቹ መጡ። በሁለተኛው ሳምንት ጋሼ ደወሉ። ስለ ደብዳቤው አንድም ቃል አላነሡም። የእኔን ጤና ጠየቁ፤ ገብሱ ጥሩ እንደያዘ ነገሩኝ፤ ጣርማ በር ላይ ጉም ጥሎ መኪና ሲጠብቅ እንደዋለ አወሩኝ። ሊዘጉ ሲሉ «እናኒ ሰላም ብላሻለች» አሉ።

«እንዴት ናት እሷስ?»

«ደህና ናት። እየተቀመጠች ታድራለች እንጂ፣ ደህና ናት።»

«ምን ማለት ነው እየተቀመጠች?»

«ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል መሰለኝ። ትራስ ደርድረንላት ቁጭ እንዳለች ታድራለች። አሁንማ ለመደችው።»

ስልኩ ተዘግቶ እኔ ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩት ቀረሁ። ተኝቶ መተንፈስ አለመቻል፣ ተቀምጦ ማደር። ከአስቸኳይ ምልክቶች ሁለተኛው ነው። እኔው ነኝ በእጄ የጻፍኩት። ይህን ያነበበ ኤጀንት በአንዲት ደቂቃ አስቸኳይ ብሎ ወደ ላይ ማሳለፍ አለበት። እንግዲያው ደብዳቤው በእውነት አልደረሰም ማለት ነው ብዬ፣ ይህን ለማረጋገጥ ብቻ፣ የኢሜይሉን ሳጥን ከፈትኩ።

መዘዞ ብዬ ስፈልግ ሦስት መልእክት ወጣ። ሦስቱም ደርሰዋል። አድራሻው አንድ ፊደል አልተሳሳተም። በሦስቱም ፊት ለፊት «ሰላምታ። ምላሽ አያስፈልገውም» ይላል።

የመጀመሪያው እንዲህ ነበር።

«ለተከበራችሁና ለተወደዳችሁ የድርጅቱ ኃላፊዎችና ሠራተኞች በያላችሁበት። ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በእግዚአብሔር ስም አቀርባለሁ። እንደምን ሰነበታችሁ? ቤተሰቦቻችሁ፣ ልጆቻችሁ ደህና ናቸው? እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ። እኛ አምላክ ይክበር ይመስገን በጣም ደህና ነን። ዘንድሮ ክረምቱ መልካም ነበር፤ እህሉም ጥሩ ይዟል። እናንተ ለድሀ የምታደርጉትን እኛም ከሩቅ ሆነን እንሰማለን፤ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ሌላ የምንነግራችሁ ክፉ ነገር የለም። ልጃችን እናናየሁ ጌታሰው ብቻ ትንሽ ድካም ቢጤ አለባት። የሐኪም ወረቀቷ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ሲመቻችሁ፣ ሥራ በማይበዛባችሁ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብታዩልን።»

ሁለተኛው ከዚህ የረዘመ ሰላምታ ነበረው። ፊተኛው ደብዳቤ መልስ ያጣው አክብሮት ጎድሎት ይሆናል ብለው መሰለኝ፤ ለዘበኛውና ለጽዳት ሠራተኛዋ ሳይቀር ሰላምታ ልከዋል። ከታች «ድካሟ ጨመር ብሏል፤ ለክፉ ግን አይሰጥም» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ለደብረ ብርሃንና ለአዲስ አበባ ሕዝብ ሰላምን ተመኝቶ፣ ስለ ማሰልቸታቸው ይቅርታ ጠይቆ፣ በመጨረሻዋ መስመር «ተቀምጣ ነው የምታድረው፤ እሱንም እየለመደችው ነው» ብሎ ነበር።

ለምን እንዲህ እንደተጻፈ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። እናኒ አቶ ዘሥላሴ ክፍል ውስጥ፣ አግዳሚው ላይ፣ አባቷ ጎን ተቀምጣ ነበር፤ ወረቀቷን የያዘችው እሷ ናትና። ልጅ እየሰማ ልጄ ልትሞትብኝ ነው ተብሎ አይጻፍም፤ ሟርት ነው። ደግሞም ከማያውቁት ሰው ትልቅ ነገር ሲለመን፣ ጉዳዩን አሳንሶ፣ ሰውየውን አክብሮ፣ እምቢ ማለት ቢፈልግ እንዳያፍር በር ትቶለት ነው። እኔ ይህንን አውቃለሁ። በዚህ ነው ያደግኩት። ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ደብዳቤ አጻጻፍ ሳስተምር ሰላምታ ያልጻፈውን ውጤት ቀንሼበታለሁ። ማሽኑ አያውቅም፤ እንዲያውቅ ማድረግ የእኔ ሥራ ነበር። ለዚህ ነበር የተቀጠርኩት። የምትችለውን ያህል ዝቅ ብላ የምትለምን አገር ውስጥ ተቀምጬ፣ ሰላምታ ያበዛውን አትስማ ብዬ ጻፍኩለት፤ እሱም እንዳልኩት አደረገ።

አለቀስኩ ብል እውነት አይሆንም። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ለብርሃነ መስቀል ደውዬ ጮኽኩበት።

ብርሃነ መስቀል ክፉ ሰው አይደለም። ሥራውን ትቶ ሰዎቹ ጋ ሄደ። ለሐኪሞቹ ሦስት ቀን ቀርቷቸው ነበር። አስተባባሪዋ ወረቀቶቹን አይታ ራሷን ያዘች አለኝ። ግን ዝርዝሩ ተዘግቷል፤ የቀዶ ሕክምናው ክፍል እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ተይዟል፤ እንደ እናናየሁ ያለ ታማሚ ደግሞ ቢያንስ አሥር ቀን ተኝታ ሳትዘጋጅ ቢላ አይነካትም። የሚቀጥለው ዙር ግንቦት ላይ ነው። ለግንቦት ከመጀመሪያዎቹ አሰልፈናታል፣ እስከዚያ የሚወሰድ መድኃኒት ደብረ ብርሃን እንዲታዘዝላት እንጽፋለን አሉ።

«ያቺ መስመር ዛሬ ትውጣ» አልኩት።

«ትወጣለች። ግን ሰዎቹ ወደዋታል፤ ሥራቸው ቀሎላቸዋል። ደግሞ አንድ ነገር ሲቀየር ሁሉም እንደገና ይፈተሻል። በሚቀጥለው እትም እናስገባዋለን።»

«መቼ ነው የሚቀጥለው እትም?»

«ጥር፣ ቢዘገይ የካቲት።»

«ስትቀበለኝ ለምን ዝም አልክ? ሙሉውን አትክፈት ስል፣ አባሪም አትክፈት ስል፣ እንዴት አለፍከው?»

«ፀዲ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አለ። «አላነበብኩትም። አንቺ ከጻፍሽው ብዬ ነው።»

አራት ቀን ሙሉ ሰላምታ ተብለው የተመዘገቡትን ኢሜይሎች በራሴ ዓይን አነበብኩ። ከዘጠኝ መቶ በላይ ነበሩ። ሠላሳ ሰባቱ ታች ላይ በሽተኛ አላቸው። ከምንጃር የመጣ አለ፣ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከዓሊዩ አምባ ደግሞ ጠይባ የምትባል እናት ቢስሚላህ ብላ ጀምራ፣ አሰላሙ ዓለይኩም ብላ፣ የድርጅቱን ሰዎች አንድ ገጽ ሙሉ መርቃ፣ «ልጄ ከንፈሩ ይጠቁራል» ብላ የጨረሰችው አለ። ዝርዝሩን ላክሁ፤ ሁሉንም ለግንቦት መዘገቧቸው። ከነሱ ስንቱ ግንቦት እንደሚደርስ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ማንም ሳያዘኝ በየጠዋቱ እየገባሁ አነባለሁ፤ መስመሯ እዚያው ናት።

ቁጥሩ በደረሳቸው ቀን ጋሼ ሲደውሉ የሰማሁት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሰላምታ እንኳ ረስተው ነበር። «ፀዲ፣ ቁጥሩ መጣ! ግንቦት ይላል! አቶ ዘሥላሴ በትልቁ አትመው ሰጡኝ፤ ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል» አሉኝ። እሰይ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ለእናኒም አቀበሉኝ። ድምጿ ቀጥኗል፤ በየሁለት ቃሉ ታርፋለች። «ፀዲዬ፣ ግንቦት ቅርብ ነው አይደል?» አለችኝ። ቅርብ ነው አልኳት። በጣቴ ቆጠርኩ፤ ስድስት ወር ነበር።

ታኅሣሥ አሥራ ስምንት ቀን ጠዋት ጎረቤታቸው ወልደ ሰንበት ደወሉ። «ፀደንያ፣ እናኒን ትንሽ አሟታል። ብትመጪ ጥሩ ነው» አሉ። ትንሽ አሟታል በሚለው ቃል ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰማሁት። ሌላ አልጠየቅኩም። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለበስኩና ወጣሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ እውነቱን እነግራቸዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። ጋሼ፣ ደብዳቤዎ ሦስቱንም ጊዜ ደርሷል፤ ያልተነበበው በእኔ ምክንያት ነው፤ እላቸዋለሁ። ይርገሙኝ፣ ከቤታቸው ያስወጡኝ፤ ይገባኛል። ጣርማ በርን አልፈን ወደ መዘዞ ስንታጠፍ ቃሉን በአፌ እየደጋገምኩት ነበር። ደርሼ ጋሼን ሳያቸው ግን ሁለት ሰው ደግፏቸው ቆመው ነበር፤ ዕድሜያቸው በአንድ ወር አሥር ዓመት ጨምሯል። በዚያን ቀን አልተናገርኩም። በማግስቱም አልተናገርኩም።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰልስቱ ወጥቶ ሰዉ የእድሩ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ሲል፣ ጋሼ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ለአጠገባቸው ላሉት «ይቺ የእህቴ ልጅ ናት። ያዘለቻት እሷ ናት። ብዙ ደከመችልን፤ ቁጥሩንም ያስመጣችው እሷ ናት» አሉ። ሽማግሌዎቹ እግዚአብሔር ይስጥሽ አሉኝ። አንዲት ሴት ጉልበቴን ዳበሰችኝ። መሬት አልዋጠችኝም፤ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

ሰዉ ወደ ወሬው ሲመለስ ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ፀዲ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ይጠይቁኝ ጋሼ።»

«ያ ደብዳቤያችን… በጊዜው ደርሶ ነበር?»

«ደርሶ ነበር» አልኩ። የምናገረው አሁን ነው ብዬ አፌን ከፈትኩ።

«አንብበውት ነበር?»

«ጋሼ፣ የሚያነበው ማሽን ነው…»

«ማሽኑም ይሁን። እስከ መጨረሻው አንብቦት ነበር?»

ዓይናቸውን አየሁት። ይህን ጥያቄ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሲያስቡት ነበር። የልጃቸው ነገር የገባው ሰው አንድ እንኳ ነበረ ወይስ አልነበረም፣ የሚሉኝ ይህንን ነው።

«አዎ ጋሼ» አልኩ። «እስከ መጨረሻው አንብቦታል።»

በረጅሙ ተነፈሱ። ትከሻቸው ወረደ። «ካነበበውማ የባሰበት ሰው ነበር ማለት ነው» አሉ። «የባሰበትን አስቀደሙ። የማንም ልጅ ልጅ ነው፤ እሱን ምሮልን ይሆናል።» ከዚያ ወደ ወልደ ሰንበት ዞር ብለው «አንብበውታል አለች» አሏቸው። ወልደ ሰንበት ለሚቀጥለው ነገሩ፤ አንብበውታል፣ አንብበውታል እየተባለ በአግዳሚው ላይ ከሰው ወደ ሰው ሄደ።

ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው የነበሩት አቶ ዘሥላሴ ወሬው ሲደርሳቸው ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። ቀስ እያሉ መጡና ፊቴ ቆሙ። ዓይናቸው ቀልቷል። ልነሣላቸው ስል ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ፤ ጎንበስ ብለው እጄን ሳሙት።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ የኔ ልጅ» አሉኝ። «እኔ ነገሩን በደንብ ሳልጽፈው ቀርቼ ነው ብዬ እንቅልፍ አልነበረኝም።»